ሸክላ ላይ የቀረ ክዋኔ፤ የቤትሆቨንን ዘጠነኛ ሲምፎኒ ቅጂዎች ስለ መመዘን

ሥነ ቃል በማስተምርበት ክፍል ተማሪዎች በየዓመቱ የሚያነሱት አንድ ጥያቄ አለ። ከመስክ ተቀርጾ የመጣ ሙሾ ወይም ቀረርቶ ካሰማኋቸው በኋላ፣ «ይህን ከካሴት ብቻ ሰምተን ክዋኔው ጥሩ ነው፣ መጥፎ ነው ለማለት እንችላለን ወይ?» ይሉኛል። ለረጅም ጊዜ የምሰጠው መልስ አጭር ነበር። «የያዛችሁት ምስክር ነው፤ እንደ ምስክር መርምሩት» እላቸው ነበር። መልሱ ስሕተት የለበትም። ነገር ግን ምስክሩ እንዴት እንደሚመረመርና ከምስክሩ ተነስቶ የሚሰጥ ፍርድ እስከ የት ሊሄድ እንደሚችል አያስረዳም። እኔም ራሴ ይህን ሳላጣራ ለዓመታት በአንድ ቅጂ ላይ ስፈርድ እንደኖርሁ የተረዳሁት ዘግይቼ ነው።

ቅጂው ከመስካችን ራቅ ያለ ነው። የሉድቪግ ቫን ቤትሆቨን ዘጠነኛ ሲምፎኒ ሲሆን፣ በ1951 በቤይሮይት ከተማ ቪልሄልም ፉርትቬንግለር የመራው ክዋኔ የተቀዳበት ሸክላ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ለዚህ ጉዳይ የሚመችበት ምክንያት አለው። ከእኛ የመስክ ካሴቶች በተለየ የዚህ ድርሰት ሙሉ ኖታ ታትሞ ይገኛል፤ በልዩ ልዩ ኦርኬስትራዎች የተቀዱት ቅጂዎችም እጅግ ብዙ ናቸው። ስለዚህ ከጽሑፉ የመጣውን ከከዋኞቹ ከመጣው ለይቶ ማየት ይቻላል። የመጨረሻው ክፍል ደግሞ ግጥም አለበት፤ ግጥም ባለበት እኛም የምንለው አይጠፋም። ሙዚቀኛ አይደለሁም። ኖታ የማነበው እንደ ፊደል ቆጣሪ ልጅ ጣቴን እያስከተልሁ ነውና አንባቢ ከባለሙያ የሚጠበቀውን ፍርድ ከእኔ እንዳይጠብቅ አስቀድሜ እናገራለሁ።

ድርሰቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የቀረበው በቪየና በኬርንትነርቶር ቴአትር፣ ሜይ 7 ቀን 1824 ነው። ቤትሆቨን በዚያን ጊዜ ጆሮው ደንቁሮ ስለነበር ከመድረኩ ላይ ቆሞ ፍጥነቱን ቢያመለክትም ተጫዋቾቹ የሚከተሉት ሚካኤል ኡምላውፍን ነበር። ሥራው አራት ክፍሎች አሉት። ሦስቱ በመሣሪያ ብቻ የሚቀርቡ ናቸው፤ በአራተኛው አራት ነጠላ ድምፃውያንና ብዙ መዘምራን ገብተው ፍሪድሪሽ ሺለር ስለ ደስታ ከጻፈው ግጥም የተመረጡ ስንኞችን ይዘምራሉ። በሲምፎኒ ውስጥ የሰው ድምፅ ማስገባት በዘመኑ ያልተለመደ ነበር። ስለዚህ ቤትሆቨን ቃል ለምን እንዳስፈለገ ለአድማጩ ማስረዳት ነበረበት፤ ያስረዳውም በዚያው በሙዚቃው ውስጥ ነው።

አራተኛው ክፍል እርስ በርሱ በሚጋጭ፣ ጆሮ በሚያውክ ጩኸት ይከፈታል። ወዲያው ቼሎዎችና ደብል ባሶች ብቻቸውን፣ ሰው የሚናገር በሚመስል ዜማ ይመልሳሉ። ኦርኬስትራው ያለፉትን ሦስት ክፍሎች መነሻ ተራ በተራ ቀንጨብ እያደረገ ያሰማል፤ ባሶቹ ግን እያንዳንዱን ጥቂት ካዳመጡ በኋላ አንፈልገውም እንደ ማለት ያቋርጡታል። በመጨረሻ የትንፋሽ መሣሪያዎቹ አዲስ ዜማ ጠቆም ሲያደርጉ ባሶቹ ይቀበሉትና፣ ኖታ አንባቢዎች ባር በሚሉት የምት ክፍልፋይ ብንቆጥር በ92ኛው ላይ፣ ራሳቸው በለሆሳስ ያነሱታል። ዜማው አራት ጊዜ ይደገማል። በመጀመሪያ ቼሎና ደብል ባስ ብቻ ናቸው፤ ቀጥሎ ቪዮላዎች ይጨመራሉ፤ ከዚያ ቫዮሊኖች ይረከቡታል፤ በአራተኛው መለከቱ ሁሉ ይገባል። ያ የመጀመሪያው ጩኸት እንደገና ሲመጣ ግን የሚመልሱት ባሶቹ አይደሉም። እስከዚያ ድረስ ተቀምጦ የነበረ አንድ ባለወፍራም ድምፅ ዘማሪ ይነሳና ወዳጆቹን ጠርቶ ያንን ድምፅ እንዲተዉ፣ ደስ የሚያሰኝ ነገር እንዲያዜሙ ይጠይቃቸዋል። ይህ ንግግር ከሺለር ግጥም የተወሰደ ሳይሆን ቤትሆቨን ራሱ የጨመረው ነው።

ስለዚህ ዘማሪው ሲናገር፣ መሣሪያዎቹ ያለ ቃል ሲናገሩት የቆዩትን ነው በቃል የሚያወጣው። አድማጩ መሣሪያዎቹን ሲሰማ ንግግር መሆኑ ካልገባው፣ ሰውዬው ለምን እንደተነሳ አይገባውም። አንድን ቅጂ ስመዝን የመጀመሪያው ጥያቄዬ ይህ ነው። ባሶቹ ተናገሩ ወይስ ተጫወቱ? ጥያቄው ከእኛ ሙያ የራቀ አይደለም። ቅኔ ሲነገር፣ ግጥም ሲነበብ የምንጠይቀው ያንኑ ነው።

ሁለተኛው መመዘኛዬ ከግጥሙ ታሪክ የመጣ ነው። ሺለር ግጥሙን በ1785 ጻፈ፤ በ1786 ታተመ። ኋላ ግን አልወደደውም፤ በ1800 ለወዳጁ ለኮርነር በጻፈው ደብዳቤ መጥፎ ግጥም እንደሆነ ገልጾለታል። እንዲያም ሆኖ በ1803 በወጣው የግጥም መድበሉ ውስጥ አሻሽሎ አስገባው። ከተሻሻሉት ስንኞች አንዱ ስለ ወንድማማችነት የሚናገረው ነው። በመጀመሪያው እትም ወንድማማችነቱ የለማኝና የመስፍን ነበር። በተሻሻለው ግን ስንኙ «ሁሉ» የሚል ፍች ባለው ቃል ይጀምርና የሰውን ልጅ በሙሉ ያጠቃልላል። የአብዮት ሽታ የነበረው ስንኝ ተለሳለሰ የሚሉ አሉ፤ ይሆናል። ለማንኛውም ቤትሆቨን የወሰደው የተሻሻለውን ነው።

አሁን ዜማውን ልብ ብሎ ለሰማ አንድ ነገር ይታየዋል። ዜማው አራት ሐረጎች አሉት። ሦስቱ በባሩ የመጀመሪያ ምት ላይ፣ ሥርዓታቸውን ጠብቀው ይጀምራሉ። አራተኛው ሐረግ ግን አንድ ምት ቀድሞ፣ ሦስተኛው ትንፋሹን ሳይጨርስ ይገባል። መዘምራኑ ሲዘምሩት በዚህ ቀድሞ በሚገባው ድምፅ ላይ የሚያርፈው ቃል ይኸው «ሁሉ» የሚለው ነው። ቃሉ ተራውን አልጠበቀም። ይህ የደራሲው የግጥም ንባብ ነው፤ አንድ ሃያሲ በሁለት ገጽ ሊያብራራው የሚችለውን በአንድ ምት አሳይቶታል። ታዲያ በየቅጂው ያንን ምት አሳድዳለሁ። መዘምራኑ ቃሉን ሲጥሉት ይሰማል ወይ? ከዚያም በፊት፣ ቃል ሳይኖር፣ ባሶቹ ዜማውን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያነሱት ያቺ የቀደመች ድምፅ ትሰማለች ወይ?

ኖታው ሙሉ ነው ብያለሁ። ሙሉነቱ ግን የታወቀ ልክ አለው። ቤትሆቨን በባሶቹ ንግግር ላይ በፈረንሳይኛ መመሪያ ጽፏል፤ ሐሳቡም እንደ ንግግር ዜማ ይቅረብ፣ ሆኖም ምቱ አይለቀቅ የሚል ነው። ሁለቱን ባንድ ላይ እንዴት እንደሚያደርጉት ለተጫዋቾቹ ትቶታል። በ1826 ደግሞ የየክፍሉን ፍጥነት በሜትሮኖም ቁጥር እየነገረ የወንድሙ ልጅ ካርል ጻፈለት፤ ከነዚያ ቁጥሮች አንዳንዶቹ በቅጂ ስሕተት ተዛብተዋል የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አልበረደም። ሪቻርድ ቫግነር በ1873 ስለ ሲምፎኒው አቀራረብ ባሳተመው ጽሑፍ፣ በቤትሆቨን ዘመን መሣሪያዎቹ ደካማ ስለነበሩ ደራሲው የፈለገው እንዲሰማ አንዳንድ ቦታ መሣሪያ መጨመር ይገባል አለ። ፌሊክስ ቫይንጋርትነር በ1906 ባወጣው መጽሐፍ ይህን የበለጠ አስፋፋው። ከዚያ ወዲህ ብዙ መሪዎች ሳይናገሩ ኖታውን እየነካኩ መርተዋል። የያሬድን ዜማ ምልክት ያየ ሰው በዚህ አይደነቅም። ምልክቱ አንድ ሆኖ ቤተ ልሔምና አጫብር፣ ቆማና ተጉለት የየራሳቸውን መንገድ ይዘው ኖረዋል።

ወደ ቤይሮይቱ ሸክላ ልመለስ። ቤይሮይት የቫግነር ኦፔራዎች ፌስቲቫል የሚካሄድበት ከተማ ነው። በጦርነቱ ምክንያት ተቋርጦ የቆየው ፌስቲቫል ጁላይ 29 ቀን 1951 እንደገና ሲከፈት የተመረጠው ሥራ ይህ ሲምፎኒ ነበር። ነጠላ ድምፃውያኑ ኤሊዛቤት ሽቫርትስኮፍ፣ ኤሊዛቤት ሆንገን፣ ሃንስ ሆፕፍና ኦቶ ኤደልማን ነበሩ። ፉርትቬንግለር በኖቬምበር 1954 ዐረፈ፤ ሸክላው በኢ.ኤም.አይ. ኩባንያ አማካይነት በ1955 ወጣ። እኔ ዘንድ የደረሰው ከሸክላ ወደ ካሴት፣ ከካሴት ወደ ካሴት ተገልብጦ ነው።

የመጀመሪያው ክፍል ሲጀምር ሁለተኛ ቫዮሊኖችና ቼሎዎች ዝቅ ባለ ድምፅ ይርገፈገፋሉ። ኖታው ላይ ያለው ስድስት ስድስት ሆኖ የተቆጠረ ድምፅ ነው። በፉርትቬንግለር እጅ ግን ቁጥሩ አይሰማም፤ ጉም ነው የሚሰማው። ከጉሙ ውስጥ የዜማ ስባሪ እየወደቀ፣ እየተጠራቀመ ድንገት ኦርኬስትራው ባንድ ድምፅ ይወርዳል። ሦስተኛውን ክፍል ወደ ሃያ ደቂቃ ሊያደርሰው ጥቂት ነው የሚቀረው፤ የሜትሮኖሙን ቁጥር የተከተሉት በ11 ደቂቃ ገደማ ይጨርሱታል። በአራተኛው ክፍል የባሶቹ ንግግር ሰፊና ከባድ ነው፤ በየሐረጉ መጨረሻ ያመነታል። ከዚያ ዝምታ ይሆናል። ዝምታው ከመርዘሙ የተነሳ መጀመሪያ ስሰማው ካሴቱ ያለቀ መስሎኝ ልገለብጠው ተነስቼ ነበር። የደስታው ዜማ ከዚያ ዝምታ ውስጥ፣ ከካሴቱ ሹክሹክታ ሳይለይ ይጀምራል፤ በየድግምግሞሹም ፍጥነቱ ሳይታወቅ እየጨመረ ይሄዳል። መዘምራኑ በእግዚአብሔር ፊት ስለሚቆመው ኪሩብ ዘምረው በሚደርሱበት ረጅም ድምፅ ላይ ፉርትቬንግለር ድምፁን ይዞ አይለቅም፤ ይዘመራል ብሎ ከሚያስበው በላይ ይይዘዋል፤ ያሳድገዋልም። ከዚያ ጸጥታ፣ ከጸጥታው በኋላ የከበሮና የፋጎቶች ኩርፊያ የመሰለች ምት፣ ሰልፈኛ ከሩቅ እየመጣ እንዳለ። መጨረሻው ላይ ያለው ጥድፊያ ደግሞ ከልክ ያለፈ ስለሆነ መሣሪያዎቹ እርስ በርስ አይደራረሱም፤ ተደነቃቅፈው ነው የሚደርሱት።

ይህን ለዓመታት በክፍል ውስጥ አሰምቻለሁ። ስለ ክዋኔ ድንገተኛነት፣ አንድ ምሽት ሁለት ጊዜ ስላለመምጣቱ ለማስረዳት እነዚያን ቦታዎች፣ ዝምታውንና የመጨረሻውን መደነቃቀፍ፣ እንደ ምሳሌ እጠቅስ ነበር። ፍርዴም ወደር የሌለው ክዋኔ ነው የሚል ነበር።

ይህን ፍርድ መጀመሪያ የነቀነቀው የራሴ ጆሮ ነው። ዜማው በየድግምግሞሹ መፍጠኑን ለምን ይህን ያህል እንደወደድሁት ራሴን ስጠይቅ መልሱን ያገኘሁት ከቤይሮይት ርቄ ነው። በልጅነቴ ማሕሌት ቆሜያለሁ። በማሕሌት አንዱ ቃል መጀመሪያ በቁም ዜማ ይባላል፤ ቀጥሎ በዝማሜ መቋሚያው ይወዛወዛል፤ ከበሮው ሲገባ መረግድ ይሆናል፤ በመጨረሻ በጽፋት እየፈጠነ፣ እየሞቀ፣ ጭብጨባው ይከተላል። ጆሮዬ ሙቀትና ፍጥነት አብረው እንደሚያድጉ የተማረው እዚያ ነው። በቤትሆቨን ኖታ ግን በአራቱ ድግምግሞሽ ውስጥ የሚያድገው የመሣሪያው ብዛትና የድምፁ ጉልበት ነው እንጂ ፍጥነት ጨምር የሚል ምልክት የለም። ፉርትቬንግለር የጨመረው እኔ የማውቀውን ነበርና ያደነቅሁት ራሴን ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም። ይህን ካወቅሁ በኋላም አካሄዱን መውደዴ አልቀረም፤ ለአድናቆቴ የድርሰቱን ስም መጥራት ግን ተውሁ።

ሌሎቹን ቅጂዎች በትጋት ማዳመጥ የጀመርሁት በዚህ የተነሳ ነው። አርቱሮ ቶስካኒኒ በ85 ዓመቱ፣ በማርች 31 እና በኤፕሪል 1 ቀን 1952 በኒው ዮርክ ካርኔጊ አዳራሽ ከኤን.ቢ.ሲ. ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ጋር ቀድቶታል። ኖታውን እንዳለ የሚያቀርብ መሪ ተብሎ የሚወደሰው እሱም ቢሆን በዚህ ሲምፎኒ መሣሪያ ነካክቷል፤ ዝናና ተግባር ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም። የእርሱ ባሶች አያመነቱም። ቃላቸው የተቆረጠ ነው፤ ሽማግሌ ሲያግባባ ሳይሆን አዛዥ ሲቆጣ ይመስላል። ያቺን የቀደመች ምት ግን እንደ ቶስካኒኒ ባሶች አጥርቶ ያሰማኝ የለም፤ በፉርትቬንግለር ውስጥ ዜማው ከመለስለሱ የተነሳ በጆሮዬ ሳትታወቅ ነበር የምታልፈው። ከካሴቴ አሮጌነት ነው ብዬ በንጹሕ ሲዲ ደግሜ ሰማሁት። ለውጥ የለውም።

በ1987 ሮጀር ኖሪንግተን ለንደን ክላሲካል ፕሌየርስ በተባለው ኦርኬስትራ፣ በቤትሆቨን ዘመን በነበሩ መሣሪያዎችና በሜትሮኖሙ ቁጥሮች ያቀረበው ደግሞ ከሁለቱም ይለያል። የእሱ ባሶች አይሰብኩም፣ አይቆጡም፤ ጠረጴዛ ዙሪያ እንደተቀመጠ ሰው ይናገራሉ። መመሪያው የሚለው ይህንን ነበር ወይ ብዬ ኖታውን እንደገና የከፈትሁት ያን ጊዜ ነው። ሁለቱ ነገሮች፣ ንግግርና ምት፣ አብረው ሊሄዱ እንደሚችሉ ያረጋገጠልኝ ይህ ቅጂ ነው። ፈጣን ነው የሚባለው ኖሪንግተን ከኪሩቡ በኋላ የሚመጣውን ሰልፍ ግን ሌሎቹ ከለመዱት እጅግ አዘግይቶ ይመራዋል፤ ቁጥሩን ቃል በቃል ስለወሰደው። ቴኖሩ ስለ ጀግና ይዘምራል፤ የሚሰማው ግን ጠጥቶ ወደ ቤቱ የሚያዘግም ሰው ነው። ቁጥሩ ትክክል ይሁን የተዛባ ከሚከራከሩባቸው አንዱ ይህ ስለሆነ እዚህ ላይ ለጽሑፍ ታማኝ መሆን ማለት ለየትኛው ጽሑፍ እንደሆነ አጠራጣሪ ነው። ሦስተኛው ክፍሉ ለእኔ ሩጫ ነው፤ በዚህ ላይ ሐሳቤን አልለውጥም።

እስከዚህ ድረስ የጠበበው አድናቆቴ ብቻ ነበር። ሁለተኛው ነቅናቂ የመጣው በ2007 ገደማ ነው። በዚያን ጊዜ የባቫርያ ሬዲዮ ጣቢያ የያዘው የቤይሮይት ክዋኔ ቴፕ ኦርፌኦ በተባለ አሳታሚ በሲዲ ወጣ። ሁለቱን ጎን ለጎን ያዳመጡ ሰዎች ኩባንያው በ1955 ያወጣው ሸክላና የሬዲዮው ቴፕ አንድ እንዳልሆኑ አስታወቁ። ሸክላው ከአንድ ምሽት የተቀዳ ሳይሆን ከልምምዱና ከክዋኔው ተቀጣጥሎ የተዘጋጀ ነው የሚለው አስተያየት በረታ። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ደግሞ በስዊድን ሬዲዮ ተቀምጦ የነበረው የዚያኑ ምሽት ስርጭት ለብቻው ወጥቷል። እንግዲህ አንድ የምንለው ክዋኔ ሦስት ምስክሮች አሉት ማለት ነው። የብራና ጽሑፎችን የሚያመሳክር ሰው ይህን ችግር ያውቀዋል። አንድ ገድል በሦስት ብራና ተገኝቶ፣ ከሦስቱ ያማረው ከልዩ ልዩ ቅጂ የተለቀመ ሲሆን የሚደርስበት ግራ መጋባት ነው።

ሦስቱን በየፊናቸው ሰማኋቸው። የአተረጓጎሙ አጥንት አንድ ነው። ጉሙ፣ የሦስተኛው ክፍል ርዝመት፣ የዜማው መፍጠን፣ የኪሩቡ ድምፅ መጎተት በሁሉም አለ። ስለነዚህ የሰጠሁት ፍርድ አልተነካም፤ መሪው በልምምድም በክዋኔም ያነበበው እንዲያ ነው። የወደቀው ሌላው ነው። ስለዚያች ምሽት ድንገተኛነት፣ ሁለት ጊዜ ስላለመምጣቷ በክፍል ውስጥ የተናገርሁት ሁሉ ያረፈው፣ ተቆርጦ የተቀጠለ መሆኑ በሚጠረጠር ነገር ላይ ነበር። ተጫዋቾቹ ተደነቃቀፉ ብዬ የደስታ ብዛት ያደረግሁት የዚያ ምሽት ይሁን የልምምዱ፣ በሸክላው ላይ ቆሜ ልምል አልችልም። ከአንድ ቅጂ ተነስቶ ከዋኙ ጽሑፉን እንዴት እንዳነበበው መናገር ይቻላል። በዚያ ቀን፣ በዚያ ሰዓት በታዳሚና በከዋኝ መካከል ምን ሆነ ለማለት ግን የቴፑን ታሪክ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ማን ቀዳው፣ ስንት ጊዜ ቀዳው፣ ማን ቆረጠው? የእኛም የመስክ ካሴቶች አልቃሿ «እስኪ ከመጀመሪያው ድገሚው» የተባለችባቸው፣ መቅረጫው የተዘጋባቸውና የተከፈተባቸው ቦታዎች ሞልተዋቸዋል፤ በማስታወሻችን ላይ ግን ይህን አንጽፍም።

ዐውድን በሚመለከት ከዚህ የከበደ ነገር አለ። ፉርትቬንግለር ይህንኑ ሲምፎኒ በማርች 1942 በበርሊን ከበርሊን ፊልሃርሞኒክ ጋር መርቶ ተቀድቷል። በቤይሮይት በአልቶ የዘመረችው ሆንገን በዚያም አለች። በኤፕሪል 19 ቀን፣ በሂትለር ልደት ዋዜማ፣ እንደገና መራው፤ የመጨረሻው ጥቂት ክፍል በፊልም ቀርቶ ጎብልስ ከመድረኩ ሥር ሆኖ እጁን ሲጨብጠው ይታያል። ስለ ሰው ልጅ ሁሉ ወንድማማችነት የተዘመረው በዚያ አዳራሽ ነው። የማርቹ ቅጂ እጅግ ኃይለኛ ነው፤ ከበሮው በር የሚሰብር ይመስላል። ብዙ ጸሐፊዎች በዚህ ኃይል ውስጥ መሪው በዘመኑ ላይ ያሰማውን ተቃውሞ ይሰማሉ።

ይህን ለመፈተን አንድ ጊዜ የመጀመሪያውን ክፍል ከ1942ና ከ1951 ዓመቱን ሳልነግር ለተማሪዎቼ አሰማኋቸው። የመጀመሪያውን የፈጠነ፣ የሞቀ፣ ቁጣ ያለበት አሉት። አንዱ «ጦር ሜዳ» አለ። ዓመቱንና ቦታውን ከነገርኋቸው በኋላ ያንኑ ድምፅ ደግመው ሲሰሙ ቃላቸው ተለወጠ፤ ፍርሃት፣ እምቢታ፣ ልቅሶ የሚሉ ቃላት መጡ። አንዲት ተማሪ ግን ምንም አልጻፈችም። ለምን ስላት «አሁን የምሰማው ሙዚቃውን ነው ወይስ እርስዎ የነገሩንን፣ መለየት አቃተኝ» አለችኝ። እኔም ከእርሷ የተሻለ መልስ የለኝም። ዐውድ የክዋኔ አካል ነው ብለን እናስተምራለን፤ እውነት ነው። በዚህ ቅጂ ግን ዐውዱ ድምፁ ውስጥ ያልነበረን ነገር እያሰማን እንደሆነ እጠረጥራለሁ፤ በተለይ የምንሰማው ለመሪው ምሕረት የሚያሰጥ ነገር ሲሆን ጥርጣሬዬ ይጨምራል። ከበሮው መበርታቱን ኖታውና ቴፑ ይመሰክራሉ። ስለ ተቃውሞው የሚመሰክር ግን በቴፑ ላይ የለም።

ዐውድ ጽሑፉን ራሱን የለወጠበት ጊዜም አለ። የበርሊን ግንብ ከተከፈተ በኋላ፣ ዲሴምበር 25 ቀን 1989፣ ሌናርድ በርንስታይን በምሥራቅ በርሊን ሲምፎኒውን ሲመራ ከባቫርያ ሬዲዮ ኦርኬስትራ ጋር ከድሬስደን፣ ከሌኒንግራድ፣ ከለንደን፣ ከኒው ዮርክና ከፓሪስ የመጡ ተጫዋቾች ነበሩ። መዘምራኑ «ደስታ» ማለት የሆነውን ፍሮይደ የሚለውን ቃል «ነፃነት» ማለት በሆነው ፍራይሃይት ተክተው ዘመሩ። ሁለቱም ቃላት ባለ ሁለት ቀለም፣ ጥብቀታቸውም በመጀመሪያው ቀለም ላይ ስለሆነ ዜማው አልተቃወመም። ሺለር መጀመሪያውኑ ነፃነት ለማለት አስቦ ነበር የሚል አሮጌ ወሬ አለ፤ ማስረጃ ግን አልተገኘለትም። እኔ መለወጡን አልነቅፍም፤ ሥነ ቃልን የሚያጠና ሰው ለዕለቱ የሚስማማ ቃል የሚተካ ከዋኝን ቢነቅፍ የሚያስቅ ይሆናል። ክዋኔው ግን በጠቅላላ 78 ደቂቃ ገደማ የሚወስድ፣ እጅግ የተጎተተ ነው፤ ባሶቹም የሚናገሩት ቀድመው የተስማሙበትን ንግግር ይመስላል። የዕለቱ ታላቅነት ካልተነገረው ሰው ፊት ይህ ቅጂ ከቶስካኒኒው አጠገብ የሚቆም አይመስለኝም።

ለተማሪዎቼ የትኛውን አሰማለሁ? ባሶቹ ሲናገሩ ለማሰማት ኖሪንግተንን፣ «ሁሉ» ቀድሞ ሲገባ ለማሰማት ቶስካኒኒን እወስዳለሁ። ከዝምታው ውስጥ ዜማው ሲወለድ ለማሰማት አሁንም ፉርትቬንግለርን፤ የሬዲዮውን ቴፕ እንጂ ሸክላውን አይደለም። አሮጌው ካሴቴ ግን አልተጣለም። በጀርባው ላይ በእጄ የጻፍሁት «ቤይሮይት፣ ጁላይ 29፣ 1951» ይል ነበር። እሱን ሰርዤ ከሥሩ «የኩባንያው ሸክላ፣ 1955፤ ከልምምድና ከክዋኔ የተቀጠለ ሳይሆን አይቀርም» ብዬ ጽፌበታለሁ።